ከጀግናዋ ጀርባ የተሰቀለው ኮት

"ይሄ እኮ የቦንቱ ኮት ነው!"

እንዲህ ያለችው እናቴ ናት፤ ካርቱን አንድም ቀን ረግታ አይታ የማታውቀው እናቴ። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶፋው ላይ ተጋድሜ በስልኬ አዲሱን ክፍል እያየሁ ነበር። አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች የሚሠሩት ተከታታይ የካርቱን ፊልም ነው። ጀግናዋ ሌላ ጊዜ ባጃጅ ነጂ ናት፤ ክፉ ሰው ሲነሳ ግን ጭምብሏን ታጠልቃለች፣ ባጃጇም ክንፍ ያወጣል። እናቴ የተከተፈ ሽንኩርት በሳህን ይዛ ከኋላዬ ስታልፍ ድንገት ቆመች።

"የቱ ኮት?" አልኳት።

"ወደ ኋላ መልሺው። ወደ ኋላ! አዎ፣ እዚህ ጋ። ልብስ ሰፊው ደጃፍ ላይ የተሰቀለው። ኪሱን እይው እስኪ። በአረንጓዴ ክር የሰፋሁት እኔ አይደለሁም?"

ስዕሉን በሁለት ጣቴ ለጥጬ አጎላሁት። ጀግናዋ ክፉውን ሰውዬ እያባረረች በምታልፍበት መንገድ ዳር፣ ዓይን ተርገብግቦ እስኪገለጥ በሚያልፍ ቅጽበት፣ አንዲት የልብስ ስፌት ቤት ትታያለች። ደጃፏ ላይ ቡናማ የወንድ ኮት ተሰቅሏል። የቀኝ ኪሱ ጠርዝ በአረንጓዴ ክር ተጠምዝዟል። ከበላዩ ባለው የቆርቆሮ ሰሌዳ ላይ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፦ "ኮቱ"። "ቱ" የምትለዋ ፊደል አናቷ ላይ ሁለት ነጥብ ተቀምጦባታል።

ወደ መጨረሻው ሮጥኩ፣ ሠራተኞቹ ወደሚዘረዘሩበት። "የጀርባ ስዕል" ከሚለው ሥር ቦንቱ ከነአባቷ ስም ቁጭ ብላለች። ጮህኩ። እንዴት እንደጮህኩ የጎረቤት ውሻ ይናገር። ሽንኩርቱ ተደፋ፤ እናቴ "በስመ አብ!" አለች፤ ከዚያ ሁለታችንም ምንጣፉ ላይ ተንበርክከን ሽንኩርት እየለቀምን እንስቅ ጀመር። በመሃል ማልቀሴን ያወቅኩት እናቴ "ሽንኩርቱ ነው ወይስ ልጅቷ?" ብላ ስትጠይቀኝ ነው።

ይህን ጽሑፍ "ልጅ ሳለሁ" ብዬ ልጀምረው አስቤ ነበር። "አሁንስ ምንድን ነሽና?" ብላ እናቴ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፣ ገና አስራ ስምንት ዓመቴ ነው። ነገር ግን ያን ኮት ለብሳ በዝናብ ወደ ቤቷ የሮጠችው ማህሌት፣ የያኔዋ እኔ፣ አሁን ሳስባት በጣም ሩቅ ናት፤ ታናሽ እህቴ ትመስለኛለች፤ እጇን ይዤ "ቆይ፣ እንደገና አንብቢው" ልላት የምመኛት ታናሽ እህት። ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን አንድ ድርሰቴን ለክፍሉ ጮክ ብለው ካነበቡልኝ ወዲህ ደግሞ እስክሪብቶ ከእጄ አልወርድ ብሏል። እናም ልንገራችሁ።

ቦንቱ የጎጆ ልጅ ናት። ጎጆን ለማታውቁ፣ ከአምቦ ወደ ሰሜን ሽቅብ ሲወጣ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት፤ ገብሷ ብዙ፣ ድንቿ ብዙ፣ ብርዷም እንደዚያው። ቦንቱ አምቦ የመጣችው ነርስ ከነበረችው አክስቷ ከሲስተር ጫልቱ ጋር ተቀምጣ ለመማር ነበር። የሲስተር ጫልቱ ቤትና የኛ ቤት አንድ የቆርቆሮ አጥር ይጋራሉ። የመጣች ቀን ያን ኮት ለብሳ ነበር። የአባቷ ነው፤ እጅጌው ጣቶቿን ይውጣል፣ ርዝመቱ ከጉልበቷ ያልፋል። አምቦ ለሷ ሞቃት አገር ነው፤ ያም ሆኖ አታወልቀውም። የሰፈር ልጆች "ኦቦ ኮት! ኦቦ ኮት!" እያሉ ይከተሏት ጀመር፤ ኦቦ ማለት በኛ አካባቢ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ ማዕረግ ነው፣ እንደ አቶ። ሌላ ልጅ ብትሆን ታለቅስ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ ዞረች፣ እጇን ወደ ኋላ አጣመረች፣ የሌላትን ጢም ዳበሰች፣ ጉሮሯን ጠረገችና በአፋን ኦሮሞ "አካም ጅርቱ ኢጆሌ?" አለቻቸው፤ እንዴት ናችሁ ልጆች እንደማለት። ልጆቹ ሳያውቁት "ደህና" ብለው መለሱ! የዚያን ዕለት ነው ጓደኛዬ እንድትሆን የወሰንኩት።

በነሱ ቤት የሚወራው አፋን ኦሮሞ ነው፣ በኛ ቤት አማርኛ። አጥሩ ሥር ስንገናኝ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ እናቦካው ነበር። አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረን በአፋን ኦሮሞ እንጨርሳለን፤ የትኛው የት ጋ እንዳለቀ አናውቀውም። እኔን እንኳ "ማሂኮ" ነበር የምትለኝ፤ "ኮ" በነሱ ቋንቋ "የኔ" ማለት ነው፤ የኔ ማሂ።

ሲስተር ጫልቱ ዲሽ አስገብታ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ አንድ የውጭ አገር ተከታታይ ካርቱን እናይ ነበር፤ የሚበሩ፣ ግድግዳ የሚያፈርሱ፣ ካባቸው በነፋስ የሚውለበለብ ጀግኖች። እንግሊዝኛቸው ግን እንዴት ይፈጥናል! የትምህርት ቤታችን እንግሊዝኛ አንዱንም አይደርስበትም። ንግግሩ ስለማይገባን ዓይናችን ወደ ጀርባቸው ሄደ። እነሱ ሲደባደቡ እኛ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን፣ ሱቁ መስኮት ውስጥ የተቀመጠውን፣ በእግረኛ መንገድ የሚያልፈውን እናያለን። አንድ ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ያወረደ፣ በእግሩ ጣቶች የቆመ ዳንሰኛ ፖስተር ላይ ደጋግሞ ይመጣል። አንድ የመጫወቻ መርከብ መደርደሪያ ላይ አለ። አንዲት ድመት በየክፍሉ አንድ ጊዜ ብቅ ብላ ትጠፋለች።

ይሄ ነገር ምን እንደሆነ የነገሩን ገበያው አጠገብ በፍላሽ ፊልም የሚጭኑ ጋሽ ታዬ ናቸው። ቦንቱ ፖስተሩን በእርሳስ ስላ ወስዳ አሳየቻቸው።

"ይሄንንማ አውቀዋለሁ" አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። "እኛ ጎረምሶች ሳለን በካሴት የምናየው ዳንሰኛ ነው። መርከቡም ከአንድ የድሮ የሕዋ ፊልም ነው። ዝም ብለው የተቀመጡ እንዳይመስሏችሁ፤ ሠሪዎቹ ለሚያውቅ ሰው ደብቀው ነው የሚያስቀምጡት። ምን ልበላችሁ… ጥቅሻ ነው። ብዙ ሰው መሃል አንዱን ለይተህ ጥቅስ ስታደርገው አለ አይደል? እንደዚያ።"

ወደ ቤት ስንመለስ ቦንቱ ስዕሉን አጠፈችና ኮቷ ኪስ ከተተችው። "ማሂኮ" አለችኝ፣ "የሚጠቅሱት ሁሉ የራሳቸውን ሰው ነው። እኛን የሚጠቅሰን የለም።"

ያን ጊዜ ቅሬታ ብቻ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው "ጠቀሰ" የምትለው ቃል ዓይን መጥቀስም ናት፣ ስም ማንሳትም ናት፤ ቦንቱ በአንድ ቃል ሁለቱንም ነበር ያለችው። ቃል ላይ እንዲህ ነበረች።

በማግስቱ የራሳችንን ጀግና ጀመርን። እሷ ትስላለች፣ እኔ ንግግሩን እጽፋለሁ። የጀግናችን ስም ባለኮቷ ነበር። ካባ ይሁንላት ብዬ ተከራክሬ ነበር፤ የውጮቹ ሁሉ ካባ አላቸዋ!

"በካባ?" አለች ቦንቱ። "ከጎጆ ተነስታ በካባ ብትበር ጊንጪ ሳትደርስ በሳንባ ምች ትሞታለች። ኮት ትልበስ።"

ኮት ለበሰች። ከባለኮቷ ጀርባ ደግሞ የኛ ጥቅሻዎች ይደበቃሉ። አረንጓዴው የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ደመና ውስጥ። ከፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ያሉት አንገታቸው የተጣመመ የጎረምሳ ራሶች። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ጊንጪ ላይ አውቶቡስ ሲቆም መስኮት ሥር የበቆሎ እሸት ይዘው የሚሮጡት ሴቶች። በየቤቱ የሚታየው የቱርክ ድራማ ባለታሪክ፣ እንደ ልማዷ አኩርፋ፣ ባጃጅ ውስጥ ከፍየል ጋር ተጨናንቃ። ሕጉ ይህ ነው፤ በየስዕሉ አንድ ጥቅሻ ይኖራል፤ ካገኘሁት ቦንቱ ቦምቦሊኖ ትገዛልኛለች፣ ካላገኘሁት እኔ እገዛለሁ። ቦምቦሊኖው ትኩስ ሲሆን ስኳሩ አገጫችን ላይ ይቀራል፤ ዛሬም ቦምቦሊኖ ስበላ አገጬን አልጠርግም፤ አንድ ሰው አይቶ እስኪስቅብኝ የምጠብቅ ይመስለኛል።

አንድ ቀን የኮቱ ኪስ የአጥራችን ሚስማር ይዞት ተተረተረ። ቦንቱ ፊቷ ነጣ፤ የአባቷ ነው። እናቴ ቡናማ ክር ብትፈልግ አጣች፤ በአረንጓዴ ሰፋችውና "ለጊዜው ነው፣ ኋላ እፈታዋለሁ" አለች። ቦንቱ ኪሱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። "አይፈታ፣ እማማ" አለች። "የጠርሙሱ ቀለም ነው። ኮቱም አምቦ ገባበት።"

ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስን ሲስተር ጫልቱ ወደ ሩቅ አገር ተዛወረች። ቦንቱ ወደ ጎጆ መመለሷ ሆነ። መናኸሪያ ልሸኛት ሄድኩ፤ ክረምቱ ገብቶ ሰማዩ ተቀዷል። የጎጆው ሚኒባስ ሹፌር ኦቦ ፈይሳ ሻንጣዋን ጣሪያ ላይ ሲያስሩ ውሃው ከኮፍያቸው ጫፍ ወደ አንገታቸው ይወርዳል። እኔ ቀሚስና ሹራብ ብቻ ነው የለበስኩት። ቦንቱ ኮቷን አወለቀችና ትከሻዬ ላይ ጣለችው።

"አንቺስ?" አልኳት።

"እኔ መኪና ውስጥ ነኝ። አንቺ እስከ ቤት እንደ በግ ትበሰብሻለሽ።"

"መቼ ልመልስልሽ?"

"ስትመጪ" አለች። በሩ ተዘጋ።

"ስትመጪ"። ሰምቼዋለሁ፤ አልሰማሁም ብል ውሸት ነው። ግን ዝናብ ነበረ፣ ለቅሶ ነበረ፣ የሞተሩ ጩኸት ነበረ፤ ቃሉ ጆሮዬ ላይ ደርሶ እዚያው ቀረ።

በዚያ ጊዜ ስልክ እንዳሁኑ አልነበረም፤ አንድ ሰሞን ይሠራል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። የአባቷን ስልክ ብደውል ብደውል አይጠራም። ክረምቱ ሲጋመስ አንድ ከሰዓት በኋላ ኦቦ ፈይሳ ቤታችን ድረስ መጡና በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ሰጡኝ። "ከኦቦ ገለታ ልጅ፣ ከቦንቱ ነው። አደራ ብላኛለች፣ እንዳይረጥብ ብላ ጋቢዬ ውስጥ አስገባችው" አሉ።

ስዕል ነው! ባለኮቷ ኮረብታ ላይ ቆማለች፣ ያለ ኮት። ነፋሱ ፀጉሯን ወደ አምቦ በኩል ይገፋዋል። ከሥሯ ጎጆ አለች፤ የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ በጎች፣ የገብስ ማሳ፣ ጭቃ መንገድ፣ የቆመ ሚኒባስ። ጽሑፍ የለውም። ጥቅሻውን ፈልጊ ማለት ነው። ቆሎ በጎድጓዳ ሳህን አጠገቤ አድርጌ መስኮቱ ሥር ቁጭ አልኩ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ እኔ በጎቹን አንድ በአንድ አያለሁ፣ ደመናውን አያለሁ፣ የሚኒባሱን መስኮቶች አያለሁ። ቆሎው አለቀ። በመጨረሻ፣ በስዕሉ ጥግ፣ ከአንዲት የሱቅ ጣሪያ ሥር፣ ከጥፍሬ ባነሰች ሰሌዳ ላይ አገኘሁት። በአማርኛ ፊደል፦ "ኮቱ"።

"አገኘሁት!" ብዬ ዘለልኩ። እናቴ ከጓዳ መጣች።

"ምን አገኘሽ?"

"ኮቱ ይላል። ኮቱን ፈልጋለች። ይኸው ባለኮቷን ያለ ኮት ስላታለች፤ በርዷታል።"

እናቴ ጭንቅላቷን ያዘች። "አይ የኔ ነገር! የሰው ኮት፣ ያውም የአባቷን፣ በዚህ ክረምት ይዘን ቁጭ! በዚያ ጎጆ ብርድ! ምን ይሉናል? ነገውኑ ይሄዳል።"

ታጠበ። ፀሐይ ስለሌለ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ደረቀ፤ ተተኮሰ። ዕቃ ባዶውን አይላክምና እናቴ ዳቦ ጋገረች። እኔ ደግሞ የራሴን ጥቅሻ ጨመርኩ፤ በአረንጓዴው ኪስ ውስጥ የአምቦ ውሃ ቆርኪ ከተትኩና በቁራጭ ወረቀት "አገኘሁት! ቦምቦሊኖ አለብሽ!" ብዬ ጻፍኩ። እንዴት ኮርቼ እንደነበር! ኦቦ ፈይሳ ጥቅሉን ከመቀመጫቸው ሥር አስገቡት። ሚኒባሱ ጭቃ እየረጨ ሲሄድ እጄን አውለበለብኩ።

መልስ የለም። ሳምንት ሲያልፍ "ደርሷል" እንኳን አትልም ብዬ ተቀየምኩ። ኦቦ ፈይሳን ስጠይቃቸው "በእጇ ነው የሰጠኋት" ከማለት በቀር የጨመሩት የለም። ከዚያ እኔም አኮረፍኩ፤ የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባ መጣ፣ አዲስ ደብተር መጣ፣ ሰው ሲያኮርፍ ቀኑ እንዴት ቶሎ ይሄዳል።

መስከረም ላይ እናቴና እኔ ጊንጪ ያለች ዘመዳችንን ልንጠይቅ መናኸሪያ ሄድን። ሰማዩ ጠርቷል፤ መሬቱ ይጨሳል፤ መናኸሪያው በተቃጠለ ናፍጣና በበቆሎ ጥብስ ሽታ ተሞልቷል። የጎጆው ተራ ጋ አንድ ድምፁ የሻከረ ተራ አስከባሪ ቆሞ ሰው ይጠራል። እኔን አየና እጁን ወደ ራሱ እያርገበገበ ጮኸ፦

"ጎጆ ነሽ? ኮቱ ኢንተላ! ኮቱ! ኮቱ!"

ነይ፣ ልጅት! ነይ! ነይ!

ቆምኩ። ቃሉን ሳውቀው ኖሬአለሁ። በቀን ስንቴ የምሰማው፣ ራሴም የምለው ቃል ነው፤ ቦንቱ በአጥሩ በኩል "ማሂኮ፣ ኮቱ!" ስትለኝ አንድም ቀን ኮት መስሎኝ አያውቅም። አፋን ኦሮሞ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ በአማርኛ ፊደል ተጽፎ ሲመጣብኝ አማርኛ አድርጌ አነበብኩት። እሷ የደበቀችው እዚያ ነበር፣ በሁለቱ መሃል፣ እኔና እሷ አብረን በምንኖርበት ቦታ። ከማንም በፊት ማሂ ታገኘዋለች ብላ። ስንናገር ሁለት ቋንቋ የነበርኩት ልጅ ለማንበብ ስቀመጥ አንድ ብቻ ሆንኩ።

"እማዬ" አልኩ፣ "ኮቱ ኮት አይደለም።"

"ምን ሆነሻል? ምን አይደለም?"

"ነይ ነው ያለችኝ። ነይ ስትለኝ ነው ኮት የላክሁላት።"

እናቴ እኔን አየችኝ፣ ተራ አስከባሪውን አየችው። ለዘመዳችን የገዛችውን ሙዝ ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "ጊንጪ ሌላ ቀን ትደረሳለች" አለች። "ግቢ።"

የጎጆ መንገድ ያናጋል። ክረምቱ የቦረቦረው ጉድጓድ ሁሉ ውሃ ይዟል፤ በሁለቱም ወገን ገብሱ ሊያሸት ነው፣ ቢጫ አበባ ድንበሩን ይዞታል። ባለኮቷ የቆመችበትን ኮረብታ አየሁት፤ ስዕሉ ላይ ከነበረው አንሶ። መንገዱን ሁሉ የምላትን አዘጋጅ ነበር። አስቂኝ አድርጌ ልነግራት፣ ሆዷን ይዛ እንድትስቅ።

ቤቱን እንዳንኳኳን የከፈቱልን ኦቦ ገለታ ናቸው። ኮቱን ለብሰዋል።

"ማህሌት ነሽ" አሉ ገና ሳልናገር። እናቴን ደግሞ ጎንበስ ብለው ጨበጡ። "ገለቶሚ፣ እግዜር ይስጥሽ። ዳቦው እንዴት ጥሩ ነበር!"

"ቦንቱስ?" አልኩ።

መጀመሪያ አስገቡን፣ አስቀመጡን፣ ትኩስ ወተትና ቅቅል ድንች ከሚጥሚጣ ጋር ቀረበልን። ከዚያ ነው የተናገሩት። ቦንቱ አዲስ አበባ አጎቷ ዘንድ ሄዳለች፤ እዚያ ልትማር። አዲስ ዓመት ሳይገባ ነው የወሰዷት።

"እንደምትሄድ ክረምቱን ሁሉ ታውቅ ነበር" አሉ። "ከመሄዴ በፊት ማህሌት ትመጣለች ትላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የፈይሳ መኪና በሚመጣበት ሰዓት ከመንገድ ዳር አትጠፋም። ዝናብ ነው ብንላት አትሰማም። ታዲያ አንድ ቀን ኮቱን ይዛ ገባች።"

"ምን አለች?"

"ምንም። 'አባባ፣ ኮትህ መጣልህ' አለችና በእጇ አለበሰችኝ። ዳቦውን ለልጆች ቆረሰች። እኔ ኮት አጥቼ አልነበረም እኮ ልጄ፣ ሌላ ገዝቼ ነበር።" እጃቸውን ኪሱ ውስጥ ከተቱ፣ አረንጓዴው ውስጥ። "እዚህ ውስጥ ቆርኪ ነበረ። እሱን ይዛው ሄደች።"

ድንቹን ሳህኑ ላይ መለስኩት፤ "ስትመጪ" ያለችኝን ኮት በሰው እጅ መላክ ለካ አልመጣም ማለት ነበር። እናቴ ጉልበቴን ያዝ አድርጋ "በስህተት ነው፣ ኦቦ ገለታ፣ ልጆቹ ቃል ተጋጭቶባቸው ነው" ብላ ልታስረዳ ሞከረች። እሳቸው ሲገባቸው መጀመሪያ ሳቁ፣ ከልባቸው ሳቁ፤ "ኮቱ! ኮቱ!" እያሉ የራሳቸውን ደረት መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ሳቁ አለቀ። "ዋቃዮ!" አሉ፣ አምላኬ ለማለት። "እሷ እኮ አትመጣም ብላ ነው የሄደችው።"

የአጎቷን ስልክ ሰጡኝ። አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ አንድ ሰውዬ "ትምህርት ቤት ናት" አለኝና ዘጋ። ለሁለተኛው ጊዜ ስሞክር ቁጥሩ አይሠራም። ኦቦ ገለታን በኦቦ ፈይሳ በኩል ልጠይቅ ስል ሚኒባሱ ተሽጦ እሳቸውም መስመሩን ለቀዋል። ከዚያማ ዓመት ዓመትን ይገፋል። የራሴ ስልክ ሲኖረኝ ስሟን ፈልጌ ነበር፤ ቦንቱ የምትባል ልጅ አገሩን ሞልታዋለች፣ አንዷም ኮት የለበሰች የለችም።

ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን ስለሚጠብቁና ስለሚላሉ ፊደሎች አስተማሩን። ያው አጻጻፍ፣ ሌላ ንባብ። በድሮ መጻሕፍት የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ይደረግ እንደነበር ሰሌዳው ላይ ጽፈው አሳዩን። "ይህ ራሱ 'ይጠብቃል' የሚለው ቃል አስቸጋሪ ነው" አሉ። "ገመዱ ይጠብቃል። ዘበኛው ይጠብቃል። ሲጻፍ አንድ ነው።" ክፍሉ ሳቀ። እኔ ደብተሬ ጥግ ላይ "ኮቱ" ብዬ ጻፍኩ፤ "ቱ" አናት ላይ ሁለት ነጥብ አደረግሁ፤ ቆየሁና አጠፋሁት። የአማርኛው ኮት ላልቶ ነው የሚነበበው። የቦንቱ "ነይ" ጠብቆ ነው። ሁለት ነጥብ ቢኖርበት ኖሮ፣ ብዬ አሰብኩ።

እሁድ ዕለት ስልኬ ላይ ያየሁት ያንን ሁለት ነጥብ ነው።

ስንት ሺህ ሰው አይቶታል። ሥር ሥሩ የተጻፉ አስተያየቶችን በሙሉ አነበብኩ፤ ስለ ባጃጇ ክንፍ፣ ስለ ክፉው ሰውዬ ሳቅ። ስለ ልብስ ስፌት ቤቱ አንድ ሰው ብቻ ጽፏል፤ "ሰሌዳው ላይ ቆሻሻ ነጥብ አለ፣ አስተካክሉት" ይላል። ሳቄ መጣ። ሲመጣ ደግሞ ሌላውም አብሮ መጣ። እናቴ በጥድፊያ የሰፋችውን ክር እንኳን አልረሳችውም። ኮቱን የተቀበለች ቀን በደንብ አይታዋለች ማለት ነው፤ ተናዳ ሳይሆን ክሩን አንድ በአንድ እያየች። ስህተቴ መቼ እንደገባት አላውቅም። አባቷ ነግረዋት ይሆናል፤ ራሷም ደርሳበት ይሆናል። ያም ሆነ ይህ ዘንድሮ ሰሌዳውን መልሳ ሰቀለችው፣ በዚህ ጊዜ እንዳልሳሳት አድርጋ።

ደስ ብሎኛል፣ እሁድን ሙሉ ቤት ውስጥ ስዘል ነው የዋልኩት። ግን እዚህ ወረቀት ላይ ስደርስ ልቤ ወደ ጎጆ ይመለሳል። ያኔ የተጠራችው ሌላ ልጅ ናት፤ ጭቃ ውስጥ በባዶ እግሯ የምትሮጥ፣ ቦምቦሊኖ አገጯ ላይ የቀረ። አሁን የምትሄደው እኔ ነኝ። የማገኛትም ቦንቱ መንገድ ዳር የምትጠብቀዋ ቦንቱ አይደለችም። አንድ ላይ ልናሳልፋቸው የሚገቡ ቅዳሜዎች ነበሩ፤ እሷ ለብቻዋ ዝናብ ላይ አሳለፈቻቸው፣ እኔ ለብቻዬ አኩርፌ። እነሱን አዲስ አበባም ጎጆም ሄጄ አላገኛቸውም።

ክፍሉ ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ እንዲህ የሚል ይወጣል፦ የጀርባውን ስዕል የሚሠሩት ልጆች የፊታችን ቅዳሜ አዲስ አበባ ከተመልካቾች ጋር ይገናኛሉ፤ ያገኛችሁትን የተደበቀ ነገር ይዛችሁ ኑ። እኔ እሄዳለሁ። እናቴ ዱቄት አቡክታለች፤ ባዶ እጅ አይኬድም ብላ። ኮት አልወስድም።

እናንተም ኑ። ከጊንጪም ከሌላም ብትሆኑ ኑ፤ ማንም ያልጠቀሰውን የሰፈራችሁን ነገር ይዛችሁ ኑ፣ ከስዕላቸው ጀርባ ቦታ አላቸው። መምጣት ካልቻላችሁ ደግሞ አንድ ሰው ድሮ የላከላችሁን ቃል አውጡና እንደገና አንብቡት፣ በሌላኛው ቋንቋችሁ። በኛ አገር ብዙ ሰው ሲጠራ "ኮታ" ነው የሚባለው፤ እኔ ግን እያንዳንዳችሁን ለየብቻ ነው የምጠራው፤ ኮቱ። ስታነቡት ታዲያ አደራ፣ ቱ ይጠብቃል።